የጁምዐ ማስታወሻ፦ ከአያት ቀብር መልስ

 

አያቴ ጁምዐ ጁምዐ ይደውሉልኝ ነበር። ቁጥር ነክተው መደወል ስለማይችሉ የጎረቤት ልጅ ነበር የሚደውልላቸው። ከመስጂድ ወጥቼ ገና ጫማዬን ሳላስር ስልኬ ይጮኻል። ጥያቄያቸው ሁልጊዜ ሦስት ነው፦ «ሰገድክ? በላህ? መቼ ነው የምትመጣው?» ለሁለቱ መልስ አለኝ። ለሦስተኛው «ኢንሻአላህ ለዒድ» እላለሁ። እሳቸውም «አላህ በሰላም ያድርሰን» ብለው ዱዓቸውን ደርድረው ስልኩን ለልጁ ይመልሱለታል።

አንድ ረቡዕ ማታ ሌላ ሰው ደወለ። ሱብሒ ሰግደን ከአዲስ አበባ ተነሳን፤ ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን የደሴ መንገድ ጨርሰን ለዐስር ሶላት ደረስን፤ በዚያው ቀበርናቸው። ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን። እሑድ ተመለስኩ፤ ሰኞ ሥራ ገባሁ።

ማክሰኞ ምሳ ላይ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቀልድ አወራና ከት ብዬ ሳቅኩ። ሳቄን ሳልጨርስ ውስጤ ቅዝቅዝ አለ። «የቀብራቸው አፈር ሳይደርቅ!» አልኩ ለራሴ። ምሳዬንም አልጨረስኩ። ከዚያ በኋላ ሰው ፊት ላለመሳቅ መጠንቀቅ ጀመርኩ። ጁምዐ ደረሰ። ሰግጄ ወጣሁ። ጫማዬን አስሬ ስጨርስ ስልኩ አልጮኸም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ይህን የማወራህ የኔ ሐዘን ካንተ ስለሚበልጥ አይደለም። አንተም በዚህ ሰሞን አያትህን ቀብረህ ወደ ትምህርትህ ወይም ወደ ሥራህ ከተመለስክ፣ አንቺም እህቴ እንዲሁ ከሆንሽ፣ ያቺ ጥያቄ እንደምትመጣ ስለማውቅ ነው፦ «ወደ ኑሮዬ ስመለስ እሳቸውን እየረሳሁ ነው?» ሰው አይጠይቅህም። እንዲያውም ብዙው ሰው «አያት ናቸው፣ ዕድሜ ጠግበው ነው የሄዱት፣ አልሐምዱሊላህ በል» ብሎ ያልፋል። አልሐምዱሊላህ፣ እውነት ነው። ግን ላንተ በዕድሜ የገፉ ሰው ብቻ አልነበሩም። እቅፋቸው ያሳደገህ፣ ፋቲሓን ያስቀሩህ፣ ከአባትህ ቁጣ ከኋላቸው የደበቁህ ሰው ናቸው።

ዛሬ ይህችን ጥያቄ ይዘን ወደ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሕይወት እንሂድ። መልሱ እዚያ አለ፤ በመንገዳችን ላይም አገራችንን ሐበሻን ደጋግመን እናገኛታለን።

ከአያቱ አስከሬን ኋላ የሄደው የስምንት ዓመት ልጅ

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አባታቸውን ዐብዱላህን አላዩም። እናታቸው አሚና ስድስት ዓመት ሲሆናቸው ከመዲና መልስ አብዋእ በምትባል ቦታ ሞቱ። በዚያ ጉዞ አብራቸው የነበረችውና ወደ መካ የመለሰቻቸው ሴት በረካ ትባላለች፤ በኋላ ኡሙ አይመን ተብላ የታወቀችው ሐበሻዊት። መካ ሲደርሱ አያታቸው ዐብዱል ሙጦሊብ ተቀበሏቸው።

የሲራ ዘጋቢዎች ስለ አያትየው አንድ ነገር ያወሳሉ። ለዐብዱል ሙጦሊብ ከከዕባ ጥላ ሥር ምንጣፍ ይነጠፍላቸው ነበር። ልጆቻቸው ለክብራቸው ሲሉ ዙሪያውን ይቀመጣሉ እንጂ ምንጣፉን አይረግጡም። ትንሹ የልጅ ልጅ ግን መጥቶ ምንጣፉ ላይ ይቀመጣል። አጎቶቹ ሊያነሱት ሲሉ አያትየው ይከለክሏቸዋል፤ ተዉልኝ ልጄን ይላሉ፤ ከጎናቸው አስቀምጠው ጀርባውን ይደባብሱታል። አያት ማለት ይኸው ነው። ለሌላው ሁሉ የሚሠራው ደንብ ለልጅ ልጅ አይሠራም።

ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሩ። ስምንት ዓመት ሲሆናቸው ዐብዱል ሙጦሊብ ሞቱ። ኡሙ አይመን ያን ቀን ያየችውን ተናግራለች፤ ኢብን ሰዕድም በኪታባቸው አስፍረውታል፦ ነቢዩ በልጅነታቸው ከአያታቸው አስከሬን ኋላ እያለቀሱ ሲሄዱ አይታለች።

ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በል። «ለአያት እንዲህ ይለቀሳል እንዴ?» ያለህ ሰው ካለ፣ ከሰው ሁሉ በላጭ የሆኑት ሰው አያታቸውን እያለቀሱ እንደሸኙ አስታውስ። ያን እንባ ያየችው፣ ለኛም ያቆየችልን ደግሞ የሐበሻ ሴት ናት።

ከዚያ በኋላስ? ከዚያ በኋላ ሕይወት ቀጠለ። አጎታቸው አቡ ጧሊብ ወሰዷቸው። አቡ ጧሊብ ቤተሰባቸው ብዙ፣ ሀብታቸው ትንሽ ነበር። ነቢያችን ለመካ ሰዎች በጥቂት ቂራጥ ክፍያ በግ ይጠብቁ እንደነበር ራሳቸው ተናግረዋል፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። ጧት ይነሳሉ፣ መንጋ ይነዳሉ፣ ማታ ይመለሳሉ። አያታቸውን የሸኙበት ሐዘንና ጧት ለሥራ መነሳት በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ኖረዋል።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ሱረቱ አድ-ዱሓ ስትወርድ አላህ (ሱ.ወ) ያንኑ ልጅነት አስታወሳቸው፤ የቲም ሆነው እንዳገኛቸውና መጠጊያ እንደሰጣቸው ነገራቸው። አስከትሎም የቲምን እንዳይጨቁኑ፣ ለማኝን እንዳይገላምጡ አዘዛቸው። ተመልከት፣ የልጅነት ሐዘናቸው ከንቱ አልቀረም። ለሌላው ወደ ማዘን ተለወጠ።

እንባ ራሕመት ነው

አሁን ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው አያት በሆኑበት ጊዜ እንያቸው። ይህን ያቆየልን ኡሳማ ኢብን ዘይድ (ረ.ዐ) ነው፤ የዚያችው የኡሙ አይመን ልጅ። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።

የነቢዩ ልጅ «ሕፃኔ ሊሞትብኝ ነውና ይምጡልኝ» ብላ ላከች። መጀመሪያ ሰላምታ ላኩላት፤ የሰጠውም የወሰደውም አላህ እንደሆነ፣ ሁሉም የተወሰነ ቀጠሮ እንዳለው፣ ሶብር አድርጋ ከአላህ ምንዳ እንድትከጅል አሳሰቧት። ቢመጡ እያለች አስምላ ድጋሚ ላከችባቸው። ከሶሓቦች ጋር ተነስተው ሄዱ። ሕፃኑን አንስተው ሰጧቸው፤ ትንፋሹ ይንኮራኮራል። ዓይናቸው በእንባ ሞላ። ሰዕድ ኢብን ዑባዳ (ረ.ዐ) ገርሞት ይህ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ይህ አላህ በባሮቹ ልብ ውስጥ ያኖረው ራሕመት እንደሆነ፣ አላህም የሚያዝነው ለአዛኞች እንደሆነ መለሱለት።

የልጅ ልጅ ሆነው ለአያታቸው አለቀሱ፤ አያት ሆነው ለልጅ ልጃቸው አለቀሱ። ስለዚህ ታክሲ ውስጥ ድንገት እንባህ ቢመጣ፣ ወይም ላይብረሪ ተቀምጠሽ ፊደሉ ቢደበዝዝብሽ፣ ኢማንህ አልጎደለም፤ ኢማንሽም አልጎደለም።

የተከለከለው ሌላ ነው። ጉንጭን መምታት፣ ልብስን መቅደድ፣ የጃሂሊያ ዓይነት ጩኸት መጮህ ከኛ መንገድ እንዳልሆነ በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበ ሐዲስ ተነግሮናል። ፊት መንጨት፣ ደረት መድቃት፣ በሙሾ የአላህን ውሳኔ መክሰስ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ዓይን ያለቅሳል፣ ልብ ያዝናል፣ ምላስ ግን ይጠበቃል። አስቸጋሪው እሱ ነው።

ፀጉር አስተካካዩ

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ሐዘኑ ይኑር፤ ታዲያ መቼ ነው ወደ ኑሮ የምንመለሰው?

ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብን (ረ.ዐ) ታውቀዋለህ። በነጃሺ ፊት ቆሞ ስለ ኢስላም የተናገረው፣ ሐበሻ ውስጥ ዓመታትን ያሳለፈው ሶሓባ ነው። ልጁ ዐብዱላህ የተወለደው እዚሁ ሐበሻ ምድር ነው። ጀዕፈር በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ በሙእታ ዘመቻ ተገደለ። መርዶው መዲና ሲደርስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለጀዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠራላቸው አዘዙ፤ ምክንያቱም ሌላ ሐሳብ የማያስገባ ነገር መጥቶባቸዋል። በሰፈራችን ለቅሶ ቤት ምግብ ይዘን የምንሄደው የዚህ ሱና ጥላ አለው።

ቤተሰቡን ሦስት ቀን ተዉአቸው። ከሦስት ቀን በኋላ ወደ ቤታቸው መጡ። ከዛሬ በኋላ በወንድሜ ላይ አታልቅሱ አሉ። ከዚያም ልጆቹን አስጠሩ። ዐብዱላህ ኢብን ጀዕፈር ራሱ አድጎ ሲያወራ፣ ያን ጊዜ እንደ ጫጩት ሆነን ቀረብን ይላል። ነቢዩ ፀጉር አስተካካይ እንዲጠራ አዘዙ፤ የልጆቹም ፀጉር ተላጨ። አቡ ዳውድ ዘግበውታል።

ይህን ሐዲስ ስሰማ ሁሌ የሚገርመኝ ፀጉር አስተካካዩ ነው። አባታቸው የሞተባቸው ልጆች ናቸው። እናታቸው አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ሐዘን ላይ ናት፤ የልጆቿን ፀጉር የምታይበት ልብ የላትም። ነቢዩ ይህን አዩ። ረጅም ምክር አልሰጧቸውም። ፀጉራቸውን አስተካክለው ንጹሕ አድርገው ወደ ሰው መለሷቸው። ወደ ኑሮ መመለስ አንዳንዴ የሚጀምረው በዚህ ነው። ገላህን ታጠብ። ፀጉርህን ተስተካከል። የሰነበተውን ልብስህን እጠብ። ይህ ለሞተው ሰው ደንታ ማጣት ቢሆን ኖሮ ነቢዩ አያደርጉትም ነበር።

«ከዛሬ በኋላ አታልቅሱ» የሚለውም እንባን በሦስት ቀን የሚቆርጥ ሆኖ እንዳይታይህ። ለሐዘን ተብሎ ተቀምጦ መቆየቱ ማብቃቱን የሚያሳይ ነው። ነቢዩ ራሳቸው ካደጉ፣ ነቢይ ከሆኑም በኋላ የእናታቸውን ቀብር ጎብኝተው አልቅሰዋል፤ ዙሪያቸውን የነበሩትንም አስለቅሰዋል። ይህን ሙስሊም ዘግበውታል። በስድስት ዓመታቸው ያጧት እናት ናት! ሐዘን ከልብ ውስጥ የሚወጣበት የተቆረጠ ቀን የለውም። ኑሮን አቁሞ ለመቀመጥ ግን ገደብ አለው።

የሦስተኛው ቀን ሽቶ

ኡሙ ሐቢባም (ረ.ዐ) የሐበሻ ስደተኛ ነበረች። ከነቢዩ ጋር የነበራት ኒካሕ እሷ እዚህ ሐበሻ ሳለች በነጃሺ በኩል ነው የተፈጸመው። ከዓመታት በኋላ አባቷ አቡ ሱፍያን ሞተ። በሦስተኛው ቀን ቢጫ ሽቶ አስመጣች። ጉንጮቿንና ክንዶቿን ቀባች። ከዚያም ሽቶው እንዳላስፈለጋት፣ ግን ነቢዩ በአላህና በመጨረሻው ቀን ያመነች ሴት ለሞተ ሰው ከሦስት ቀን በላይ ከጌጥ መታቀብ እንደማይፈቀድላት፣ ለባሏ ግን አራት ወር ከአስር ቀን እንደሆነ ሲናገሩ መስማቷን ተናገረች። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።

እስኪ አስበው። ሽቶ መቀባት አላማራትም። ልቧ ገና አባቷ ጋር ነው። እንደ ተጽናና ሰው ሆና አልታየችም፤ አላስፈለገኝም ብላ እውነቱን ተናገረች። ግን ተቀባች። ምክንያቱም መመለሷ ለአላህ ትእዛዝ ነበር። ደስታዋ እስኪመጣ አልጠበቀችም።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ የዛሬው ማስታወሻ ጭብጥ ይኸው ነው። ወደ ክፍል መግባትህ፣ ሥራሽን መጀመርሽ፣ ምሳ መብላትህ፣ በቀልድ መሳቅሽ ሟቹን መርሳት አይደለም። በኒያህ ካደረግኸው ኢባዳ ይሆናል። «ያ አላህ፣ ልቤ አልፈለገም፤ አንተ ግን ሕይወትን አደራ ሰጥተኸኛልና እነሳለሁ» ብለህ ተነስ። እኔም ያን ማክሰኞ የሳቅኩትን ሳቅ ጸጸት ባላደርገው ይሻለኝ ነበር። አያቴ ቢሰሙኝ «በላህ?» ብለው ነበር የሚጠይቁኝ።

አንድ ነገር ግን አስተውል። የሞቱት ወንድ አያትህ ከሆኑና ሴት አያትህ በሕይወት ካሉ፣ የሳቸው ቀን ካንተ ይለያል። ዒዳቸው አራት ወር ከአስር ቀን ነው፤ በቁርኣን የተደነገገ ነው። አንተ በአራተኛው ቀን ስትነሳ እሳቸው ገና ናቸው። «በቃ ይርሱት እንጂ» እያልክ አታጣድፋቸው። ደውልላቸው። ስለ አያትህ ሲያወሩ ወሬ አታስቀይር፤ ስማቸው።

ቀብሩ ላይ ላልደረስክ

በኛ ሥርዓት ጀናዛ አይዘገይም። ስለዚህ ብዙ የልጅ ልጆች ቀብር ላይ አይደርሱም። አንዷ ጅዳ ወይም ዱባይ በሰው ቤት ሥራ ላይ ናት፤ ፈቃድ አላገኘችም። አንዱ ፈተና ላይ ነው፤ ቤተሰብ ሆን ብሎ ደብቆታል። ይህ ሐዘን ለየት ይላል፤ አፈር ሳትጨብጥ፣ ሰው ሳያቅፍህ፣ በስልክ ብቻ ሰምተህ በማግስቱ ሥራ መግባት ነው።

ላንቺ እህቴ ሁለት ነገር አለኝ። የመጀመሪያው፦ ሰዕድ ኢብን ዑባዳ እናቱ ስትሞት ከቤት ርቆ ነበር። ሲመለስ ነቢዩን በሌለሁበት ሞታለች፣ ሶደቃ ብሰጥላት ይጠቅማታል ወይ ብሎ ጠየቀ። አዎ አሉት። ወዲያው የአትክልት ቦታውን ስለ እናቱ ሶደቃ አደረገ። ቡኻሪ ዘግበውታል። አልደረስኩም ብሎ በጸጸት አልተቀመጠም፤ በእጁ ያለውን ሰጠ።

ሁለተኛው፦ ነጃሺ ሐበሻ ውስጥ ሲሞት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሞተበት ቀን ለሶሓቦች ነገሯቸው፤ አሰለፏቸውና አራት ተክቢራ ሰገዱበት። በመካከል ቀይ ባሕርና በረሃ ነበር። ዑለማኦች በሩቅ ላለ ጀናዛ ስለ መስገድ የተለያየ አስተያየት አላቸው። ለሩቅ ሟች ዱዓ ማድረግ ግን ለሁሉም ክፍት ነው። ሱጁድ ላይ ሆነሽ የምታደርጊው ዱዓ ቪዛም ፈቃድም አይጠይቅም።

ሰው ሲበተን

ከባዱ ቀን የቀብሩ ቀን እንዳልሆነ አሁን ሳታውቅ አልቀረህም። የቀብሩ ቀን ሰው አለ። ከባዱ ድንኳኑ ሲፈርስ፣ የእድሩ ወንበር ሲመለስ፣ ቤቱ ጭር ሲል ነው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ይህን ታውቅ ነበር። ከቤተሰቧ ሰው ሲሞት፣ ሴቶች ተሰብስበው ሲበተኑና የቤት ሰው ብቻ ሲቀር፣ ተልቢና ታሠራ ነበር። ተልቢና ከገብስ ዱቄት የሚሠራ ቀጭን የሚጠጣ ገንፎ ነው፤ የኛን የገብስ አጥሚት ይመስላል። የታመመን ልብ እንደሚያሳርፍና ከሐዘን እንደሚቀንስ ከነቢዩ መስማቷን ትናገር ነበር። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ሰው ሲበተን ሐዘንተኛ መብላት እንደሚተው አይታ ነው። ስለዚህ፦

አንደኛ፣ ብላ። ባይጣፍጥህም ብላ። እናትህ ወይም አባትህ የገዛ እናታቸውን ነው ያጡት፤ አንተ ካልበላህ እነሱም አይበሉም። አንድ ማታ አጥሚት አፍልተህ አብረሃቸው ጠጣ።

ሁለተኛ፣ ቀንህን በሶላት ያዝ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ቀኑ ይደባለቅበታል፤ ሌሊት አይተኛም፣ ቀን ይፈዛል። አምስቱ ሶላቶች ቀኑን ከፋፍለው ይሰጡሃል። «ዛሬን እንዴት አልፋለሁ?» አትበል። እስከ ዙህር እለፍ። ከዚያ እስከ ዐስር።

ሦስተኛ፣ ሥራህን በትንሹ ጀምር። ያመለጠህ ትምህርት ካለ ከአንድ ጓደኛህ ማስታወሻ ውሰድ። ለመምህርህ ወይም ለአለቃህ «አያቴን ቀብሬ መጣሁ» በለው። መናገር አያሳፍርም። ብዙዎች የሚረዱህ ሲያውቁ ነው።

አራተኛ፣ ዕዳ ጠይቅ። አያትህ የሰው ገንዘብ ነበረባቸው ወይ? ከጎረቤት ተበድረው ይሆናል፤ የሱቅ ደብተር ላይ ስማቸው ይኖራል። ከመክፈል የበለጠ ስጦታ የለም። የሳቸውን ተስቢሕ ወይም መስገጃ ለማስታወሻ ብትፈልግ ደግሞ አስፈቅድ። የሟች ንብረት ትንሹም ቢሆን የወራሾች ነው። «ትንሽ ነገር ናት» ብለህ ኪስህ አትክተት።

አምስተኛ፣ ሳምንታትና ወራት አልፈው መተኛት፣ መብላት፣ መስገድ ካቃተህ፣ ወይም መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣብህ፣ ዛሬውኑ ለምታምነው ሰው ንገር፤ ሐኪምም አማክር። በሽታ ሲመጣ መድኃኒት እንድንፈልግ ታዘናል። የልብ ሕመምም ሕመም ነው።

የአያትህ ጓደኞች

ኡሙ አይመንን አስታውሳት፤ ነቢዩን ከአብዋእ ይዛ የመጣችውን፣ ከአያታቸው አስከሬን ኋላ ሲያለቅሱ ያየችውን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እስኪሞቱ ድረስ እየሄዱ ይጠይቋት ነበር። እሳቸው ከሞቱ በኋላ አቡ በክር ዑመርን (ረ.ዐ) ነቢዩ ይጠይቋት እንደነበረው እኛም እንሂድና እንጠይቃት አሉት። ሲደርሱ አለቀሰች። ለምን ታለቅሻለሽ ሲሏት ከሰማይ የሚመጣው ወሕይ በመቋረጡ እንደሆነ ነገረቻቸው። ሁለቱም አብረዋት አለቀሱ። ሙስሊም ዘግበውታል።

አቡ በክር ያን ጊዜ ኸሊፋ ናቸው፤ ሸክማቸው ከባድ ነው። ሥራቸውን አልተዉም፤ የነቢዩን ጉብኝትም አላቋረጡም። ሟቹ ሲያደርጉት የነበረውን መልካም ነገር ተረከቡ። ነቢዩም ሰው አባቱ ይወዳቸው የነበሩትን ሰዎች መጠየቁ ከትልልቆቹ በጎ ሥራዎች እንደሆነ አስተምረዋል። ለአያትም እንዲሁ አድርግ።

አያትህ ቡና አብረው የሚጠጡ ጎረቤት ነበሯቸው። አቦሉ ሲቀዳ፣ ቶናው ሲደርስ፣ በረካውን ሲመርቁ አብረው የነበሩ እናት። አሁን የሳቸውም ረከቦት አንድ ስኒ ጎድሎበታል። ማንም «ሶብሩን ይስጥዎት» አላላቸውም ይሆናል፤ ምክንያቱም ዘመድ አይደሉም። ሂድና ጠይቃቸው፤ ሩቅ ከሆንክ ደውል።

እኔ ያን ጁምዐ የመስጂዱ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ከቆየሁ በኋላ፣ ለአያቴ ይደውልላቸው ለነበረው ልጅ ደወልኩ። ስልኩን ለአያቴ የቡና ጓደኛ እንዲሰጥልኝ ለመንኩት። ድምፄን ሲሰሙ መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ «ሰገድክ?» አሉኝ። ሰገድኩ አልኩ። «በላህ?» አሉ። አሁን እበላለሁ አልኩ። ሄጄም በላሁ።

ከዚያ ወዲህ ጁምዐ ጁምዐ የምደውለው እኔ ነኝ።

አንተም ዛሬ ይህን አንብበህ ስትጨርስ አንድ ነገር አድርግ። ሱረቱል ካህፍን ቅራ፣ ሶለዋት አብዛ፤ ከዐስር በኋላም ጥቂት ተቀመጥ። በጁምዐ ዱዓ የማይመለስባት ሰዓት አለች፤ ብዙ ዑለማኦች ከዐስር በኋላ ያለችው የመጨረሻዋ ሰዓት እንደሆነች ይናገራሉ። የአያትህን ስም ጠርተህ ዱዓ አድርግላቸው። አቅምህ የፈቀደውን፣ አንድ ዳቦም ቢሆን፣ ስለ እሳቸው ሶደቃ ስጥ። ከዚያ ተነስና የነገውን ሥራህን አዘጋጅ።

ያ አላህ! የቀደሙንን አያቶቻችንን ማርልን፤ ቀብራቸውን አስፋላቸው፣ አብራላቸው። ለኛ ሲሉ የነቁበትን ሌሊት፣ ለኛ ያደረጉትን ዱዓ ከሚዛናቸው ላይ አኑርላቸው። ርቀው ያሉትን፣ ቀብር ላይ ያልደረሱትን ልባቸውን ጠግን። በሕይወት ያሉትን አያቶቻችንን ዕድሜና ጤና ስጥልን፤ ሳናመልጣቸው እንድንጠይቃቸው ወፍቀን። በጀነተል ፊርደውስ ሰብስበን። አሚን!

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።